ማጂን በሁለት ሰው እርምጃ

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ መንገድ የወጣችሁት መቼ ነው? ለቅሶ ለመድረስ፣ ለሠርግ ወይም ለኮንፈረንስ የሄዳችሁትን አትቁጠሩ። ማንም ሳይጠራችሁ፣ ሁለታችሁ ብቻ የሄዳችሁበትን ማለቴ ነው። እኔ ራሴን ስጠይቅ በጣቴ ልቆጥር ጀምሬ አንድ ጣት እንኳ ማጠፍ አቃተኝ። እኔና ባለቤቴ በአገልግሎት ምክንያት ሚዛን ከገባን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል። በእነዚህ ዓመታት ቴፒ ሄደናል፣ ሸኮ ሄደናል፣ ከአሥር ሺህ ሄክታር በላይ ነው የሚባለውን የቤበቃን የቡና እርሻ ከዳር እስከ ዳር አቋርጠናል። ነገር ግን ሁልጊዜ በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ወይ ዘማሪ ወይ ሽማግሌ ወይ የድምፅ ማጉያ ነበረ።

ስለዚህ ትዳራችን 18 ዓመት በሞላበት ጥር ወር፣ ልጆቹን እህቴ ዘንድ አድርጌ «ማጂ እንውጣ» አልኩት። ባለቤቴ ሳቀብኝ። «በመኪና ነው በእግር?» አለ። «እስከ ቱም በመኪና፣ ከቱም በላይ በእግር» አልኩት።

ማጂን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የምንኖርበት ዞን ቤንች ሸኮና ምዕራብ ኦሞ ተብሎ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ቤንች ማጂ ይባል ነበር። ስሙ በየማኅተሙና በየደብዳቤው ራስጌ ላይ ነበረ። ቤንቹን እናውቀዋለን፣ አብረነው እንኖራለን። ማጂውን ግን አንድ ቀን እንኳ አላየነውም። ከዚያ የመጡ ምዕመናን ስለ አገራቸው ሲያወሩ ደመናው ከእግር በታች ነው ይሉን ነበር፤ እኔ ለማስዋብ የሚናገሩት ይመስለኝ ነበር።

ከአዲስ አበባ ለምትነሡ መንገዱ ረጅም ነው፤ ግን አይሰለችም። እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያም በቦንጋ በኩል ሚዛን እስክትደርሱ በጠቅላላው ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በአንድ ቀን ካልገባን ብላችሁ ከሾፌሩ ጋር አትጣሉ፤ ጅማ እደሩ። ከወልቂጤ ወዲያ የምትሻገሩትን ጊቤን ልብ በሉት። ይኸው ወንዝ ወደ ታች ሲወርድ ኦሞ ይባልና ከማጂ ተራራ በስተ ምሥራቅ ባለው ቆላ አልፎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ድልድዩ ላይ ያያችሁትን ውሃ ተራራው ጫፍ ላይ ሆናችሁ ታስታውሱታላችሁ።

ከጅማ ወዲህ ጫካው እስከ መንገዱ ዳር ይመጣል። ዩኔስኮ የካፋን ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካን ደን ደግሞ በ2012 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቧቸዋል። ዓለም የሚጠጣው ዓረቢካ ቡና ሰው ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው እዚህ ነው። በጥር ብትመጡ ቀዩ እሸት ተለቅሞ በየደጁ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ታገኙታላችሁ። የካቲት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ደግሞ ቡናው በአንድ ጊዜ ነጭ አበባ ያወጣና መንደሩ ሁሉ በሽታው ይሞላል። እኔ ሚዛንን የወደድኩት በዚያ ሽታ ነው፤ ከዚያ በፊትማ፣ እውነቱን ልናገር፣ ከጭቃውና ከዝናቡ የተነሣ ብዙ አልቅሻለሁ። የእኛ አካባቢ ዝናብ ከዓመቱ ከግማሽ በላይ ይዘንባል። ለእግር ጉዞ የሚሆነው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መጀመሪያ ያለው ጊዜ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። በምዕራብ ኦሞና በጉራፈርዳ አካባቢ ባለፉት ዓመታት ግጭት ተነሥቶ የሰው ሕይወት የጠፋባቸው ጊዜያት አሉ። ስለዚህ የመንገዱን ሰላም ሳትጠይቁ ከሚዛን አትውጡ። ቢሮ ብቻ አትጠይቁ፤ መናኸሪያ ገብታችሁ ሾፌሮቹንም ጠይቁ። ጀሙ ስትደርሱ ደግማችሁ ጠይቁ። «ዛሬ አትሂዱ» ከተባላችሁ ተመለሱ። እኛ በመጀመሪያ የቀጠርነው ሳምንት እንዲህ ተብለን ስምንት ቀን ቆይተናል። ባለቤቴ ስምንቱን ቀን በስብሰባ ሞላው፤ ልማዱ ነው።

የተነሣንበት ቀን ንጋት 12 ሰዓት ላይ አንድ ወንድም ባዋሰን ፒካፕ ወጣን። ከሚዛን እርጥብ አረንጓዴ ወደ ምዕኒት ቆላ ስትወርዱ አየሩ ይለወጣል፤ መስኮት ከፍታችሁ የለበሳችሁትን ሹራብ ታወልቃላችሁ። ቋንቋውም አብሮ ይለወጣል። ሚዛን ገበያ ላይ የለመድነው ቤንችኛ ይቀርና ምዕንኛ ይመጣል፤ ወደ ላይ ደግሞ ዲዚኛ አለ። በአንድ ቀን መንገድ ሦስት ቋንቋ! መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ባቢሎን ግንብ የጻፍኩትን የቤት ሥራ አስታወስኩና ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

ከምሳ በኋላ ጎማ ተነፈሰብን። ስኮርታው ደህና ነበር፤ ክሪኩ ግን አልሠራ አለ። አንድ የጭነት መኪና እስኪደርስልን ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ዛፍ ሥር ተቀመጥን። እዚያ ሳለን ሁለት ልጆች በሃይላንድ የተሞላ ማር ይዘው መጡ። ባለቤቴ ሊገዛ እጁን ኪሱ ሲከት እኔ ተቆጣሁ። አራት ዓመት ነው ስኳር እንዳለበት ከተነገረው። «ስኳር ያለበት ሰው ማር ይገዛል ወይ?» አልኩት፤ ልጆቹ ፊት። «ለእንግዳ ይሆናል» ብሎ ገዛና ቦርሳዬ ውስጥ ከተተው። እኔም እስከ ቱም ድረስ አኮረፍኩ። ያቺ ማር ኋላ ምን እንደሠራች ስታነቡ እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ።

ቱም የገባነው ከቀኑ 11 ሰዓት አልፎ ነው። ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ቤርጎ አገኘን፤ አልጋው ንጹሕ ነበር፤ አጎበር ግን ከቤት ይዘን መጥተናል፤ እናንተም ያዙ፤ የታችኛው አገር ወባ አለው። በቤተ ክርስቲያን በኩል የምናውቃቸው ሰዎች አንድ የዲዚ ወጣት መሪ እንዲሆነን አመጡልን። ወጣቱ ጫማዬን አየና ምንም አላለም። እኔ ለዚህ ጉዞ ብዬ አዲስ ቦት ጫማ ገዝቼ ነበር። እሱ ያደረገው ኮንጎ ጫማ ነው። በማግስቱ ማን ተረከዙ እንደተላጠ መናገር አያስፈልገኝም። ጫማ አዲስ ከሆነ አንድ ወር ቤት ውስጥ አድርጉት፤ ሱቅ ስትሄዱም፣ ውሃ ስትቀዱም።

የመኪናው መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ማጂ ይወጣል። የእግሩ መንገድ ጥምዝምዙን እየቆረጠ ያልፋል። ስለዚህ ያጥራል፤ ግን ቀጥ ያለ ዳገት ነው። በ1 ሰዓት ጀመርን። አየሩ ቀዝቃዛ ነበር። ከታች በዛፍ ጥላ ሥር ቡና አለ፤ ጉሬዛዎች ነጭና ጥቁር ካባቸውን ለብሰው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ከፍ ስትሉ እንሰት ይበዛል። የዲዚ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ተራራውን በእርከን ጠብቀው የሚያርሱ ሰዎች ናቸው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ አፈሩን ይዞታል። አያት የደረደረውን ድንጋይ የልጅ ልጅ ያነሣዋል፣ የወደቀውን ይመልሰዋል። በግብርናው ትምህርት ቤት ያላለፉ ሰዎች መሬታቸው ከእኛ ግቢ ይልቅ በሥርዓት ተይዟል። እኔ ይህን እያየሁ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ባለቤቴ ግን ዝም ብሏል። የሰንበት ስብከቱን እያሰበ መሰለኝ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል እንደሄድን ነገር ተበላሸ። በመጀመሪያ መሪያችንን «ለምን በዚህ ወሰድከን?» ብሎ ተቆጣው። ባለቤቴ ሰው የሚቆጣ ሰው አይደለም። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረና «ሁልጊዜ አንቺ ነሽ የምትጎትቺኝ» አለኝ። እህቶቼ፣ ይህች ቃል በእኛ ቤት ታሪክ አላት። ሚዛን የመጣነው በእኔ ግፊት ነው ወይስ በእሱ ጥሪ የሚል ያላለቀ ክርክር አለን። እኔም አፌን አልያዝኩም። «ካልፈለግህ ለምን መጣህ? ዝም ብለህ ስብሰባህን አትሰበስብም ነበር?» አልኩትና ቦርሳዬን አንግቼ ወደ ፊት ሄድኩ። ተረከዜ እያቃጠለኝ፣ ልቤ ደግሞ ከተረከዜ የባሰ እየተቃጠለ፣ ወደ ኋላ ሳልመለከት ብዙ ርቀት ወጣሁ። ላብ በላብ መሆኑን አይቼ ነበር። በዚያ ብርድ! «ዳገቱ ነው» ብዬ አለፍኩት።

መሪያችን ከኋላዬ «እትዬ! እትዬ ይመለሱ! ጋሼ ተቀምጠዋል!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። እየሮጥኩ ወረድኩ። ባለቤቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የውሃውን ሃይላንድ ሊከድን ይታገላል፤ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ክዳኑ አልገባ ብሎታል። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ወጣቱን በልጃችን ስም ጠራው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ቁጣው ጠባይ አልነበረም፤ በሽታ ነበር። ስኳሩ ወርዷል።

«ጠዋት ምን በላህ?» አልኩት። አልመለሰልኝም። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ድፎ ዳቦና እንቁላል ነው፤ ዳቦ ደግሞ ቶሎ አይደርስም። ከዚያ ማሩን አገኘሁት። ማንኪያ አልያዝንም። ወጣቱ ከእንሰቱ ኮባ ቆርጦ አጠፈልኝ፤ በእሱ ላይ አፍስሼ በጥቂት በጥቂቱ አላስኩት። ነቅቶ ነበር፣ መዋጥም ይችል ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ራሱን ስቶ ቢሆን ኖሮ በአፉ ምንም ማድረግ አይገባም፤ ያንቀዋል፤ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ብቻ ነው። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ሩብ ሰዓት እንዲህ እንደሚረዝም አላውቅም ነበር። ደግሜ ሰጠሁት። ከዚያ እጁ መንቀጥቀጡን አቆመና ቀና ብሎ አየኝ፤ «ለምን ታለቅሻለሽ?» አለኝ።

ዳቦውን ከበላ በኋላ እውነቱ ወጣ። ሦስት ሳምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም ቆይቷል። ለእኔ «ቢሮ እበላለሁ» ይለኛል፤ ቢሮ ላሉት «ቤት በልቼ መጣሁ» ይላቸዋል። በዚያ ጠዋት እኔ ከቤርጎው ባለቤት ጋር ሒሳብ ስተሳሰብ ኪኒኑን በባዶ ሆዱ በውሃ ውጦ ወጥቷል። ኪኒኑ ደግሞ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ነው።

በጣም ተናደድኩ። ነገር ግን በመሪያችን ፊት ነበርን፣ እኔም ጥቂት ቀደም ብዬ ትቼው የሄድኩ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ ዝም አልኩ።

ወደ ላይ እንውጣ ወይስ እንመለስ የሚለው ብዙ አላከራከረንም። ወጣቱ በአቅራቢያው ወዳለ ቤት ወሰደን። አንዲት እናት አስገቡን። እሳት ዳር አስቀመጡት፣ የተቀቀለ ጎደሬ አቀረቡለት፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን፣ ቃሪያና ዝንጅብል የሚገባበትን ጨሞ በቅል ቀዱለት። እናታችን አማርኛ አይችሉም፤ እኛም ዲዚኛ አንችልም። ወጣቱ ሲያስረዳቸው ባለቤቴን ትክ ብለው አዩትና አንድ ነገር ተናገሩ። «ምን አሉ?» አልነው። ወጣቱ አፈረ። «‹እንዲህ የሚያህል ሰው ምግብ የሚከለክለው ማን ነው?› ነው የሚሉት» አለን።

ከሰዓት በኋላ ቀስ ብለን ወደ ቱም ወረድን። ጤና ጣቢያው ውስጥ ያገኘናት ነርስ ስኳሩን ለካችው፤ ደህና ነበር። ነገር ግን አንድ የማላውቀውን ነገር ነገረችኝ። አንዳንዱ የስኳር ኪኒን በሰውነት ውስጥ ለብዙ ሰዓት ስለሚቆይ፣ ስኳሩ አንዴ ተመልሷል ብላችሁ ብትተኙ ሌሊት ደግሞ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ እራት አብልቼው፣ ሌሊቱን ሁለት ጊዜ እየቀሰቀስኩ ከረሜላና ብስኩት ስሰጠው አደርኩ። እናንተም በቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ምልክቶቹን እወቁ፤ ድንገተኛ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ረሃብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ግራ መጋባት፣ ያለ ምክንያት ቁጣ። የመጨረሻውን በተለይ ሚስቶች አስምሩበት። ለጉዞ ስትወጡ ስኳሩን በአንዳችሁ ቦርሳ ብቻ አትያዙት፤ በሁለታችሁም ኪስ ይሁን። መጾም የሚፈልግ ደግሞ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ የሚከለከል አለ፣ ኪኒኑ የሚስተካከልለትም አለ።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ አረፍን። ሐኪሙን በስልክ አገኘነው፤ እየበላና ኪኒኑን በአግባቡ እየወሰደ በዝግታ መሄድ እንደሚችል ነገረን። ባለቤቴ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19ን ሲያነብ አየሁት። ኤልያስ ሞትን ተመኝቶ ዛፍ ሥር የተኛበት ነው። ኮሌጅ ሳለን ስለዚያ ምዕራፍ ስንማር ሁላችንም የቸኮልነው ወደ ኮሬብ፣ ወደ ነፋሱና ወደ እሳቱ ነበር። ዛፉ ሥር የሆነውን በሁለት መስመር ነው ያለፍነው። እዚያ ግን መልአኩ ነቢዩን ስለ አገልግሎቱ አንድም ጥያቄ አልጠየቀውም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ አስተኛው፤ ደግሞ አበላው። ወደ ተራራው የሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ለባለቤቴ ልሰብክለት አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ እያነበበው ነው።

በሦስተኛው ቀን እንደገና ጀመርን። ጠዋት ሁለታችንም እንቁላልና ዳቦ በላን፤ ኪኒኑን ዓይኔ እያየ ከምግብ ጋር ዋጠ። በዚህ ጊዜ መሪያችን አሰላለፉን ለወጠው። ባለቤቴን ከፊት አደረገው፣ እኔን መካከል፣ ራሱ ከኋላ። «ጋሼ በሚችሉት ልክ ነው የምንሄደው» አለ። ልብ በሉ፣ ደካማው ከኋላ ሲሆን ሁልጊዜ እየተሯሯጠ ይደርሳል፤ እሱ ሲደርስ ደግሞ የቀደሙት አርፈው ይነሣሉ። ከፊት ሲሆን ግን ሁሉም አብሮ ያርፋል። እኔ በ18 ዓመት ትዳር ከፊት የሄድኩ ሰው ነኝና ከኋላ ሆኜ የባለቤቴን ጀርባ ማየት እንግዳ ነገር ሆነብኝ። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። መቼ እንዲህ ከሳ?

በየሰዓቱ እየተቀመጥን፣ እየበላን፣ ሰባት ሰዓት ያህል ፈጀብን። ቡናው ቀረ፣ እንሰቱም ሳሳ፣ ገብስ መጣ። አየሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ያወለቅነውን ሹራብ መልሰን ለበስን። ማጂ ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ስንደርስ ጉም ከቧት ነበርና ያየነው ነገር ቢኖር አንድ የቆርቆሮ ጣሪያና አንድ አህያ ነው። እዚህ ለመድረስ ነው ያ ሁሉ መከራ ብዬ ልናገር ስል ጉሙ ተከፈተ። መሬቱ ከእግራችን በታች ወደ ኦሞ ቆላ ይወርዳል፤ ታች የኦሞ ብሔራዊ ፓርክ ያለበት ሜዳ እስከ ዓይን መጨረሻ ተዘርግቷል። ደመናው ደግሞ እውነትም ከእግራችን በታች ነው። የምዕመኖቻችንን ቃል በመጠራጠሬ አፈርኩ።

ይህች ዛሬ ጸጥ ያለች የምትመስል ከተማ ብዙ አይታለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢው በምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ የአስተዳደር ከተማ ሆነች። በዚያ ዘመን የባሪያ ንግድ የማጂን ሕዝብ አራቁቶታል፤ የዲዚና የአካባቢው ሰዎች ታስረው በዚሁ ዳገት ወደ ታች ተነድተዋል። እንግሊዞች ለሱዳንና ለኬንያ ድንበራቸው ሲሉ በ1920ዎቹ እዚህ ቆንስል አስቀምጠው ነበር፤ አርኖልድ ሆድሰን የተባለው ቆንስል ስለ አካባቢው መጽሐፍ ጽፏል። ቀጥሎ የአሜሪካ ፕሪስባይቴሪያን ሚሲዮን መጣ። ከዚያ ሚሲዮን ሥራ የተወለደችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሕዳለች።

እኔን የነካኝ የእናቶቹ ነገር ነው። ለልጆች መጻሕፍት በመጻፍ የታወቀችው ጄን ከርትዝ ከሚሲዮናውያን ወላጆቿ ጋር ኢትዮጵያ ስትገባ ገና የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያደገችው ማጂ ነው። እህቷ ካሮላይንም እ.ኤ.አ. በ2019 የሕይወት ታሪኳን አሳትማለች፤ ርዕሱን በእኛ ቋንቋ «በሁለቱም በኩል ቁልቁል የሚባል መንገድ» ልንለው እንችላለን። በዚያ ዘመን፣ በዚህ ተራራ ጫፍ፣ ትንንሽ ሴቶች ልጆች ይዛ የምትኖር እናት ልጅዋ ሌሊት ሲተኩሳት ምን ታደርግ ነበር? የዲዚ እናቶችስ ልጆቻቸው በባሪያ ፈንጋይ በተነጠቁበት ዘመን ይህን ዳገት እንዴት አዩት? ሁለቱን ጥያቄ ሳወጣና ሳወርድ አመሸሁ።

በዚያ ምሽት ያደርነው በአንድ ምዕመን ቤት ነው። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ገደሉ አፋፍ ላይ ጋቢ ለብሰን ተቀመጥን። ለምን እንደጾመ ያን ጊዜ ጠየቅኩት፤ ሳልቆጣ። ብዙ ቆይቶ ነው የመለሰልኝ። ሐኪሙ እንዳይጾም ከነገረው ወዲህ ስለ ጾም መስበክ እንዳፈረ ነገረኝ። ጉባኤው ጾም ጸሎት ሲይዝ እሱ ከጓዳ በልቶ መውጣቱ እንደ ግብዝ አድርጎ እንዳስቆጠረው ነገረኝ። «ደግሞ ያን ቀን» አለ፣ «በሽማግሌዎቹ ፊት ያልሽውን ታስታውሺያለሽ?»

አስታወስኩ። ያለፈው ዓመት ነው። የጾም ጸሎት ሳምንት ነበር፤ ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው ሳለ እኔ ለእሱ ብቻ ምሳ አቀረብኩና «የእኛ ፓስተር ሐኪም የፈቀደለት ነው» ብዬ ቀለድኩ። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ። ጎርሶ ሲነሣ እኔ ሳህኑን አነሣሁ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ስለዚያ ቀን አስቤ አላውቅም።

ይቅርታ ጠየቅኩት። እሱም ስለ ዋሸኝ ይቅርታ ጠየቀኝ። ስለ ሚዛን የመጣው ክርክር ግን አላለቀም፤ ለሚቀጥለው ተራራ አቆየነው። ከዚያ ብርዱ ስለባሰ ገባን፤ ባለቤት የሆኑት እህት ገንፎ ሠርተው ጠብቀውን ነበር።

በማግስቱ ስንወርድ ጉልበታችን ተንቀጠቀጠ፤ ቁልቁለት ከዳገት ይቀላል የሚል ሰው ማጂን አልወረደም። ዱላ ይዛችሁ ውረዱ፤ የእግር ጥፍራችሁንም አስቀድማችሁ ቁረጡ። እናታችን ቤት ስንደርስ እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ቡና እያሰጡ ነበር። ለማመስገን ጨውና ሳሙና ይዘንላቸው ነበር። ተቀበሉን፤ ግን ስጦታውን ሳያዩ በፊት ወደ ባለቤቴ አገጫቸውን አንሥተው ወጣቱን አንድ ነገር ጠየቁት።

«ምን አሉ?» አልነው።

«ዛሬስ በልቷል ወይ? ነው የሚሉት።»

ባለቤቴ ከኪሱ የተገመሰ ዳቦ አወጣና አሳያቸው። እሳቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ፤ ከዚያ ሌላ ጎደሬ ሊያመጡልን ወደ ቤት ገቡ።